የሚወጋው በሬና የላላው ቦል ጆይንት

ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ዕቃዎች ሁሉም ያልቃሉ። ሾክ አብዞርበር ዘይቱን ያፈሳል፤ ጎሚኒ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የባሌስትራ ንጣፍ ይሰበራል፤ ቦል ጆይንት በማቀፊያው ውስጥ ይላላል። ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና እነዚህ ዕቃዎች አንድም ጊዜ ካልተቀየሩለት ከላዩ ቢታጠብና ቢቀባ ዋጋ የለውም። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የመካኒክ ነው። ዕቃው ማለቁ እየታወቀ ሳይቀየር ቀርቶ ሰው ሲሞት ግን ነገሩ ከመካኒክ እጅ ወጥቶ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ይሆናል፦ ያ ሞት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይስ የሰው እጅ አለበት?

ደጀን ላይ ይህ ጥያቄ የመጻሕፍት ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከተማዋ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአባይ ሸለቆ ሰሜናዊ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከሸለቆው ማዶ ጎሐ ጽዮን አለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በጃፓን እርዳታ የተሠራውና በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። ድልድዩ ጸንቶ ቢቆምም መንገዱ አይጸናም፤ የሸለቆው አፈር ስለሚንሸራተት አስፋልቱ አንዱ ቦታ ይሰምጣል፣ ሌላው ቦታ ይነሳል፣ ይሰነጠቃል። ከአዲስ አበባ በዚህ መንገድ ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ሸለቆ ሳያልፍ ደጀን አይደርስም።

ቁልቁለት ላይ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል። ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ይብሳል። በጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ከመታጠፊያው በውጭ በኩል ያለው ጎማ አብዛኛውን ሸክም ይወስዳል፤ በዚያ ጎማ በኩል ያለው ቦል ጆይንት ከመቼውም ጊዜ የበለጠ የሚፈተነው በዚያች ቅጽበት ነው። ቦል ጆይንት በማቀፊያ ውስጥ የምትዞር የብረት ኳስ ናት፤ ጎማው ለመሪ ታዝዞ እንዲታጠፍ፣ ጉድጓድ ላይም ከፍና ዝቅ እንዲል የምታስችለው እሷ ናት። የሸፈናት ላስቲክ ከተቀደደ አቧራና ውኃ ይገባል፣ ግሪሱ ያልቃል፣ ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ መሪው እየዋለለ ያስቸግራል። መጨረሻ ላይ ኳሷ ከማቀፊያዋ ትወጣና ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ያኔ ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ቢጨብጥም መኪናው አይታዘዝለትም። ያለቀ ሾክ አብዞርበር የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው። ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ስለሚነጥር ፍሬኑ ቢያዝም መኪናው በጊዜው አይቆምም።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚባለው የታወቀ ነው። ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ። ቀኑ ደርሶ ነው፤ ዕድሜው ይኸው ኖሯል፤ የተጻፈለት ነው። አባባሉ ክፉ አይደለም። ልጁን የቀበረ አባት «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» በሚል ጸጸት እንዳይቃጠል ያስታግሠዋል፤ የሟች ወገን በሾፌሩ ወገን ላይ ቂም እንዳይዝም ያበርዳል። ደም መመለስ ስንት ቤት እንዳጠፋ የሚያውቅ አገር የዚህን ቃል ዋጋ ሊያቃልል አይገባውም። ችግሩ የሚመጣው ለኀዘን የተፈጠረው ቃል ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ጋራዥ ሲገባ ነው። ለሞተ ሰው የሚባለው ገና ላልሞተ ሰው ሲባል ማጽናኛው የስንፍና ፈቃድ ይሆናል።

ጋራዥ ውስጥ «ቀን ሲደርስ» የሚለው ሾፌር ሃይማኖት የለሽ ሆኖ አይደለም። ከመስተዋቱ ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፤ ከፊት ለፊቱ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፏል። ሸለቆው ሲጀምር ተሳፋሪው ያማትባል። ለመንገድ ከሚጸለዩት ጸሎቶች አንዱ የዳዊት 90ኛው መዝሙር ነው፤ በልዑል ረድኤት የሚኖር ሰው ከወጥመድና ከመቅሠፍት እንደሚጠበቅ፣ እግሩም በድንጋይ እንዳይሰናከል መላእክት በእጃቸው እንደሚያነሡት የሚናገረው ነው። ለመንገደኛ የሚስማማ ጸሎት ነው። ይሁንና ይህ መዝሙር በወንጌል ውስጥ በማን አፍ እንደተጠቀሰ ማስተዋል ይገባል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4፣ ዲያብሎስ ክርስቶስን በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ሲፈትነው ማስረጃ አድርጎ ያመጣው ይህንኑ ነው። ክርስቶስ መዝሙሩ ሐሰት ነው አላለም፤ መላእክት አይጠብቁም አላለም። የመለሰው ከኦሪት ጠቅሶ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነው።

ፈተናው የተሸፈነው በእምነት ቃል መሆኑ ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው። አደጋ ሲመጣበት በእግዚአብሔር የሚታመን ሰውና አደጋውን ራሱ አዘጋጅቶ እግዚአብሔርን «እንግዲህ አድነኝ» የሚል ሰው አንድ መዝሙር ሊደግሙ ይችላሉ። የመጀመሪያው ይለምናል፤ ሁለተኛው ያዛል። ዲያብሎስ መዝሙሩን ሲጠቅስ ያስቀረው ክፍልም አለ፤ ጥበቃው ሰው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ እንደሆነ የሚናገረውን አላነሳም። ከመቅደስ ጫፍ መዝለል የማንም ሰው መንገድ አይደለም። አልቋል የተባለ ቦል ጆይንት ይዞ፣ ሰው አሳፍሮ፣ ሸለቆ መውረድም አስፋልት ላይ ስለሆነ ብቻ መንገድ ሊባል አይችልም።

ዕቃ መቀየር የእምነት ጉድለት ነው ብሎ በግልጽ የሚከራከር ሰው ብዙ አይገኝም። ሐሳቡ ግን በሌላ መልክ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትኗል። የኤችአይቪ መድኃኒት መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንጦጦ ጠበል ከሚጠመቁት ሕሙማን መካከል መድኃኒቱን ትተው በጠበሉ ብቻ የጸኑ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና አንዱ ከሌላው እንደማይጣላ ተናግረው ሁለቱንም መውሰድ እንደሚገባ መከሩ። ትምህርቱ አዲስ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል።

ያው ምዕራፍ ከሐኪሙ በኋላ ወደ ገበሬው፣ ወደ ማኅተም ቀራጩ፣ ወደ ቀጥቃጩና ወደ ሸክላ ሠሪው ያልፋል። ቀጥቃጩ በእሳቱ ወላፈን እየነደደ፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እየደበደበው፣ ዓይኑን ከሥራው ሳይነቅል እንደሚውል ይገልጻል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሸንጎ ወንበር ባይሰጣቸውም ከተማ ያለ እነሱ እንደማይቆም፣ ጸሎታቸውም የእጃቸው ሥራ እንደሆነ ይናገራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ሲከለክሉ አገሩ ይህን ምዕራፍ ከያዘ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ቀጥቃጭን ቡዳ ማለት ግን ከአዋጁም በኋላ አልቀረም። ከመኪና ስር በጀርባው ተኝቶ፣ ዘይት እየተንጠባጠበበት፣ ያለቀውን ዕቃ አውጥቶ አዲሱን በልኩ የሚያጠብቀው መካኒክ የዚያ ቀጥቃጭ ወራሽ ነው። በሲራክ ሚዛን ከተመዘነ ጸሎት ላይ ነው።

በእስልምናም መልሱ አይለይም። አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ዘንድ ወይስ ሳያስር ይመካ ዘንድ ነቢዩ ሙሐመድን ቢጠይቃቸው፣ አስረህ ተመካ እንዳሉት ቲርሚዚ ባሰባሰቡት ሐዲስ ይነገራል። ተወኩል፣ ማለትም በአላህ መመካት፣ ከገመዱ በኋላ የሚመጣ ነው።

እስካሁን የታየው ግን መጠገን ከእምነት ጋር እንደማይጣላ ብቻ ነው። ሳይጠግን የቀረው ሰው ምን ያህል ተጠያቂ ነው? እዚህ ላይ ኦሪት ይረዳል። ኦሪት የተጻፈው መኪና በማይታሰብበት ዘመን ቢሆንም ስለ ተበላሸ ዕቃና ስለ አደገኛ ንብረት ያሰበው ብዙ ነው።

በዘዳግም ምዕራፍ 19 ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንዱ ምሳሩን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ይወልቅና ባልንጀራውን ይገድለዋል። ገዳዩ የሟቹ ጠላት አልነበረም፤ ስለዚህ ደም መላሹ ሳይደርስበት ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት ይኖራል። በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ በሬ ሰውን ወግቶ ከገደለ በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ቀድሞም ተዋጊ ከነበረ፣ ይህም ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን በሬውም ይወገራል፣ ባለቤቱም ሞት ይፈረድበታል፤ ቤዛ ከተጣለበት ከፍሎ ነፍሱን ያድናል።

የመጀመሪያ ጊዜ የወጋው በሬና ተነግሮለት የወጋው በሬ አንድ ዓይነት ቀንድ አላቸው። የሟቹም ሞት ያው ነው። ባለቤቱን ከንጽሕና ወደ ሞት ፍርድ ያሻገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተነግሮት ነበር። የቦል ጆይንት ጉዳይም የሚፈታው በዚህ ነው። ማንም ሳያውቀው የወለቀ ቦል ጆይንት የምሳሩ ብረት ነው። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዝውዞ፣ «ይኼ አልቋል» ካለበት ሰዓት ጀምሮ ግን ዕቃው ተዋጊ በሬ ሆኗል። ብረቱ በዚያች ደቂቃ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው የባለቤቱ ሁኔታ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ሁሉ በእሱ ሂሳብ ይጻፋል።

የሰገነቱ ሕግ ከበሬው ሕግም የጠበቀ ነው። ባለቤቱ እስኪነገረው አይጠብቅም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ማንም ያውቃልና። ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ገዝቶ፣ ከስር ሳያስፈትሽ፣ ሰው ለማመላለስ ሥራ ላይ ያሰማራ ሰው በዚህ ሕግ ስር ይወድቃል። «ማንም አልነገረኝም» ማለት አያድነውም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነግሮታል።

ከዚህ ጋር በጣም የሚቀራረብ ክርክር ከሃይማኖት ውጭም ተነስቷል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊሊያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ጽሑፍ የአንድ መርከብ ባለቤትን ታሪክ ያነሳል። መርከቡ አርጅቷል፣ ብዙ ጊዜ ተጠግኗል፣ አሁን ደግሞ ከአገራቸው የሚሰደዱ ቤተሰቦችን ሊጭን ነው። ባለቤቱ ሥጋት ያድርበታል፤ ማስጠገን ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ስንት ባሕር በደኅና አቋርጦ የተመለሰ መርከብ ይህንንም ያቋርጣል ብሎ፣ ፈጣሪም እነዚህን ምስኪኖች አይጥላቸውም ብሎ ራሱን ያሳምናል። መርከቡ ይሰምጣል፤ እሱም የመድን ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፎርድ ሰውዬው ከልቡ ማመኑ እንደማያነጻው ይናገራል፤ በያዘው ማስረጃ እንዲያ የማመን መብት አልነበረውምና። ቀጥሎ የሚለው ደግሞ የበለጠ ይከብዳል፦ መርከቡ በደኅና ቢደርስም ኖሮ ሰውዬው ያው ጥፋተኛ ነው፤ ሳይነቃበት ቀረ እንጂ። ክሊፎርድ ሃይማኖትን ለመደገፍ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ እዚህ ነጥብ ላይ ግን ከኦሪቱ የበሬ ሕግ ጋር ይገናኛል፣ አልፎትም ይሄዳል።

«ስንት ጊዜ ወርዶ ወጥቷል» የሚለው ክርክር አባይ በረሃ ላይም ይሰማል፤ ስሕተቱ ግን ከሥነ ምግባር በፊት የሒሳብ ነው። ቤት ብዙ ዝናብ ችሎ ከቆመ ጣሪያው ጥሩ ነው ብሎ መገመት ይቻል ይሆናል። የሚፋተግ ብረት ግን በእያንዳንዱ ጉዞ ከራሱ ላይ ይከፍላል። መኪናው ሃምሳ ጊዜ ሸለቆውን መውረዱ ለሃምሳ አንደኛው ዋስትና አይሆንም፤ ዕቃው ያለቀው ሃምሳ ጊዜ በመውረዱ ነውና። በደኅና የተጠናቀቀ ጉዞ ሁሉ ወደ አደጋው የተጠጋ ጉዞ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለሾፌሩ የሚከራከር አንድ እውነተኛ ችግር አለ። ዕቃ በአንድ ቀን አያልቅም። ጥንት የሚሊጦሱ ኤውቡሊደስ እንዳነሳው የሚነገር እንቆቅልሽ አለ፦ ከእህል ክምር ላይ አንድ አንድ ፍሬ ቢነሳ ክምርነቱ የሚቀረው በየትኛው ፍሬ ነው? ማንም ያንን ፍሬ ማሳየት አይችልም፤ ሆኖም መጨረሻ ላይ ክምር አይኖርም። ቦል ጆይንትም «ትናንት ደኅና ነበርኩ፣ ዛሬ አልቄያለሁ» አይልም። የሾፌሩ እጅ የመሪውን መዋለል፣ ጆሮው የጉድጓዱን ድምፅ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ መኪናው ሲያረጅ ስሜቱም አብሮ ያረጃል። አዲስ የተሳፈረ ሰው «ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚደነግጥበትን ድምፅ ሾፌሩ ከነጭራሹ አይሰማውም። በዚህ ረገድ ከተሳፋሪው የሚመጣ ቅሬታ መናቅ የለበትም።

እንቆቅልሹ በፍልስፍና ባይፈታም በልኬት ይገደባል። አምራቾች ለእያንዳንዱ ዕቃ የተፈቀደውን የመላላት መጠን ይወስናሉ፤ ከዚያ ካለፈ ይቀየራል። መስመሩ ሰው ያሰመረው ነው፤ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሰመር ይችል ነበር። ሰው ያሰመረው መሆኑ ግን አስገዳጅነቱን አይቀንስም፤ የጾም መግቢያና መፍቻ ሰዓትም ሰዓት ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገው የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ፣ ሕዝቡ ቦሎ የሚለው፣ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ሾፌሩ የለመደውን የማያውቅ ሌላ ዓይን በዓመት አንድ ጊዜ ከስር እንዲያይ። ዓመቱ ሳይሞላ አባይን ደጋግሞ ለሚወርድ መኪና ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ምርመራው በወረቀት ብቻ ሲያልቅም ተለጣፊው ከመስታወቱ ላይ ሆኖ ለመኪናው በሐሰት ይመሰክራል።

መስመሩን እንዳያውቅ የሚሸሽም አለ። አውቆ ላለማወቅ ጋራዥ የማይገባ፣ ከገባም «ከስር እንዳታይብኝ፣ ዘይት ብቻ ቀይር» የሚል። አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ሕግ አውጪዎች በራሳቸው ቸልተኝነት ያላወቁ ሰዎችን እንደሚቀጡ፣ ሰክሮ ለሚያጠፋም ቅጣቱን እጥፍ ያደረጉ እንዳሉ ያነሳል፤ ሰውዬው አለማወቁ ከእሱ የመጣ ነውና። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን በሁለት ይከፍላል፤ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ንቆ ያደረገና፣ ማወቅ ሲገባውና ሲችል ያላወቀ። የመጀመሪያው የበሬው ባለቤት ነው፤ ሁለተኛው መከታ ያላበጀው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የገንዘብ ጥያቄ ይመጣል፤ እሱን የሚዘልል ክርክር የባለጸጋ ክርክር ነው። መለዋወጫው ከውጭ ይገባል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አብሮ ናረ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከታሰበው ዕድሜ በላይ መንገድ ላይ ይቆያሉ። ብዙ ሾፌር ደግሞ የመኪናው ባለቤት አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ለእሱ እንጀራ የሌለበት ቀን ነው። ድምፁን የሚሰማው ሾፌሩ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ባለቤቱ ኪስ ነው። ዕውቀቱ አንዱ ጋ፣ ሥልጣኑ ሌላው ጋ ሲሆን ኃላፊነቱ በመካከል ይወድቅና ማንም አያነሳውም።

ይሁንና ድህነት ለዕቃ ሁሉ እኩል ምክንያት አይሆንም። የሚጮኽ ጎሚኒ ሊቆይ ይችላል፤ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል፣ ወጪ ይጨምራል፣ ሰው ግን ወዲያው አይገድልም። የደከመ ሾክ አብዞርበር ያለው መኪና ሜዳ ላይ በቀስታ ሊሄድ ይችላል፤ ሸለቆ ሊወርድ ግን አይገባውም። ያለቀ ቦል ጆይንትና የመሪ ዘንግ ጫፍ ለአንድ ጉዞም አይቆዩም። «ለጊዜው ያስኬዳል» የሚል መካኒክ ይህን ልዩነት ካልተናገረ ከሾፌሩ ጋር ተካፋይ ነው። ሾፌሩ ነግሮት «ዛሬን ሥራበት» ያለ ባለቤትም ተነግሮት በሬውን ያላሰረ ባለቤት ነው፤ ሾፌሩን ደግሞ ሥራውን እንዳያጣ መፍራቱ በደሉን ቢያቃልልለትም ጨርሶ ነጻ አያወጣውም፤ ተሳፋሪው ነፍሱን አደራ የሰጠው ለእሱ ነውና። ገበያው ውስጥም አንድ ተጠያቂ አለ። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በኦሪጅናል ካርቶን አሽጎ የሚሸጥ ነጋዴ ኦሪት በዘዳግም 25 ከከለከለው ሁለት ሚዛን መያዝ የባሰ ይሠራል፤ በሐሰት ሚዛን የተጎዳ ሰው የሚጎድልበት እህል ነው፣ እዚህ ግን የሚጎድለው ሰው ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ እነዚህን ሰዎች ሁሉ ከመመዘኑ በፊት ለተጎጂው አንድ በር ከፍቷል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. ሕግ ከውል ውጭ ስላለ ኃላፊነት ሲደነግግ ከቁጥር 2071 ጀምሮ ስለ እንስሳ፣ ከ2077 ጀምሮ ስለ ሕንፃ፣ ከ2081 ጀምሮ ስለ መኪናና ባለሞተር ተሽከርካሪ ይናገራል። በሬ፣ ሰገነት፣ ሞተር። ዳቪድ ከኦሪት ቀድቷል ለማለት አይደለም፤ የፈረንሳይ ሕግም እንስሳንና ሕንፃን አከታትሎ ያስቀምጣል። ሆኖም ሰው በራሱ እጅ ሳይሆን በንብረቱ በኩል እንዴት ሊገድል እንደሚችል ያሰበ ሁሉ በዚያው መስመር የሚሄድ ይመስላል። በዚህ ሕግ የተሽከርካሪው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረትም ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተደንግጓል።

ካሳና በደል ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። መድን ድርጅቱ ለሟች ቤተሰብ ሲከፍል የሾፌሩን ወይም የባለቤቱን በደል አብሮ አይረከብም። በተቃራኒውም፣ በደል የሌለበት ሰው ካሳ ሊከፍል ይችላል። ዕቃውን በጊዜው ያስፈተሸ፣ ያለቀውን በሁለቱም ወገን የቀየረ፣ የጎማውን አቅጣጫ ያስተካከለ ሾፌር በአዲሱ ብረት ውስጥ በተደበቀና ማንም ሊያየው በማይችል ስንጥቅ ምክንያት ቢገለበጥ ሕጉ ባለቤቱን ያስከፍላል፤ ኦሪት ግን ሾፌሩን ወደ መማጸኛ ከተማ ያስገባዋል። ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ መባል ያለበት ለዚህ ሰው ነው። ተነግሮት፣ ሰው አሳፍሮ፣ ከደጀን ቁልቁል የተነሳው ሾፌር ግን ጎሐ ጽዮን በደኅና ቢገባም በድሏል፤ የነፍስ አባት ካለውም የሚናዘዘው ነገር አለው።